የስፓይደሯ ማርሚታ

ፊርዶስ የኻድራን መኪና ሁልጊዜ ከማየቷ በፊት ትሰማት ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለው ጋራዧ ደጃፍ ቆማ የእጇን ግሪስ በጨርቅ ስትጠርግ፣ ገና ከአስፋልቱ መታጠፊያ ማዶ ዝቅ ያለና የረጋ ድምፅ ይመጣል፤ በጆሮ ሳይሆን በጫማ በኩል የሚገባ ይመስላታል። ድምፁ ከባጃጆቹ ጩኸትና ከሚኒባሶቹ ጡሩምባ ተለይቶ የሚታወቀው ከእነሱ በላይ ስለሚጮህ አልነበረም፤ ከሁሉም በታች ስለሚሄድ ነበር። ጥቂት ቆይታ ራሷ ብቅ ትላለች፦ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ቀይ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና። ሞዴሏ ስፓይደር ስለሚባል ድሬዎች ሌላ ስም ሳይፈልጉላት «ስፓይደሯ» እያሉ ይጠሯታል።

ያን ቀን ጠዋት ግን የመጣው ድምፅ ሌላ ነበር። ወፍጮ ቤት ጎማ አብቅሎ የሚጓዝ ይመስል ሰፈሩን እያንቀጠቀጠ ቀረበ። ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጡ። ስፓይደሯ ጋራዡ ፊት ስትቆም ኻድራ መሪውን እንደያዙ ነበሩ። ሰባ ዓመታቸውን ያለፉ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንኳ የቆሙ የሚመስሉ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በአጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ የመኪናዋ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫዋ በርሜል፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል።

«እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ» አሉ ኻድራ ሞተሩን አጥፍተው። «ትንሽ አሞታል።»

«ኤዶ፣ በወንዙ ውስጥ አቋረጥሽ እንዴ?»

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ድሬዎች ታላቅን ሰው ያለ አንዳች ሐፍረት «አንቺ» እያሉ፣ አክብሮታቸውን ሁሉ በዚያች ቃል ላይ ይጭኑታል።

«ድልድዩ በባጃጅ ተሞልቶ ነበር፤ ደቻቱ ደግሞ ደረቅ ነው። ሰው ሁሉ በአሸዋው ላይ ያልፍ የለም እንዴ?»

«ሰው ሁሉ መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ ነው።»

«እኔም እስከ ዛሬ አልፌ ነበር» አሉ ኻድራ። «ሰሞኑን ከላይ ዘንቦ ጎርፉ አሸዋውን ጠርጎ ድንጋይ አውጥቷል። ድንጋዩን ማን እዚያ እንዲቀመጥ ፈቀደለት?»

ፊርዶስ መኪናዋን በክሪክ አንስታ ከሥሯ ገባች። ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው የቱቦ አንገት ተሰንጥቋል፤ ማንጠልጠያዎቹ ተበጥሰዋል። ጩኸቱን የሚያለዝበውን በርሜል ደግሞ ዝገት ከሆዱ ሲበላው ኖሮ፣ የደቻቱ ድንጋይ የቀረውን ጨርሶታል። በርሜሉን ከወንበሩ ስታነሳው ከመጠኑ በላይ ከበዳት። ገረማት፤ ግን ጠዋቱ ሥራ የበዛበት ስለነበር ነገሩን አልፋ ሄደች።

«ብየዳ አይይዘውም፤ ብረቱ አልቋል» አለች። «አዲስ ያስፈልገናል። ታይዋን ባለ ሁለት አፍ የሚያብረቀርቅ አለ።»

«እሱ ለጎረምሳ ነው። ያ ነገር በሱቄ ፊት ሲያልፍ ጨርቁ ከመደርደሪያው ይወርዳል።»

«የሚኒባስ ማርሚታ ቆርጬ ላስተካክልልሽ እችላለሁ።»

«ሚኒባስ ተሳፍሬ አላውቅም። አሁን ሚኒባስ እኔ ላይ ሊሳፈር ነው?»

ይህን እየተባባሉ ሳሉ የኻድራ የበኩር ልጅ ሳላሕ በፒካፕ ደረሰ። በጂቡቲ መስመር ዕቃ የሚያስመጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ወሬው እናቱ ሱቅ ድረስ ሄዶ ደርሶታል። እናቱን ከራስ እስከ እግር ካየ በኋላ መኪናዋን ማየት ጀመረ።

«ሆዮ» አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ከወንዙ መሐል በእግርሽ ወጣሽ አሉኝ።»

«በእግሬ ወርጄ ማርሚታዬን አነሳሁና በመኪናዬ ወጣሁ። ጨርሰህ ስማ እንጂ።»

ሳላሕ ሳቁን ዋጠ። እናቱ መንዳት ትተው ሾፌር እንዲይዙ ከጀመረው ልመና ውስጥ ይህ ቀን ትልቅ ማስረጃው ሊሆን ይችል ነበር፤ እሱ ግን አልተጠቀመበትም። «ኦርጅናሉን አስመጣልሻለሁ» አለ። «ጣሊያን አገር ለአሮጌ ስፖርት መኪና በልኩ የሚሠሩ አሉ። የነበረው ኦርጅናል ነው፤ የሚተካውም ኦርጅናል ይሁን።»

ኦርጅናል የሚለውን ቃል ድሬ ውስጥ ደፍሮ የሚከራከር ማንም የለም። ከስልክ መሸፈኛ እስከ ሽቶ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ እስከ ሞተር ዘይት፣ ቃሉ ከተነገረ ክርክር ያበቃል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተሽከርካሪ ምሕንድስና የተማረችው ፊርዶስም አልተከራከረችም። እንዲያውም «ትክክል ነው» ያለችው እሷ ነበረች። አሮጌውን በርሜል ግን ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር አልጣለችውም፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው በሥራ ጠረጴዛዋ ሥር ገፋ አደረገችው።

አዲሱ ማርሚታ በጂቡቲ በኩል ገብቶ ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት፣ ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከበቡት። እንዲህ ያለ ሥራ አይተው አያውቁም። የብየዳው መስመር የተሰፋ እንጂ የተበየደ አይመስልም፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ አንድም ቦታ ሳይጨማደድ ዞሯል። ፊርዶስ በመገጣጠሚያው መካከል ጭስ እንዳያሾልክ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብታ አንገቱን ከሞተሩ ጋር አገናኘች። ቡሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቀች፣ መካከሉን አንጠልጥላ፣ በርሜሉን ከኋላ አስቀመጠች። ቀዳዳ ከቀዳዳ ገጠመ። መዶሻ አንድም ጊዜ አልተነሳም። አንድ የማታውቀው ሰው ባሕር ማዶ ቁጭ ብሎ የዚችን መኪና ልክ በእጁ መዳፍ እንደያዘ አሰበችና ለማታውቀው ሰው በልቧ ባርኔጣዋን አነሳች።

ሞተሩ ሲነሳ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሐር ጨርቅ በእጅ ሲዳሰስ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሁሉም አመሰገኑ። ኻድራ ብቻ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

«ቆንጆ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።»

በቀጣዩ ሳምንት ኻድራ ወደ ጋራዡ የመጡት በባጃጅ ነበር። ፊርዶስ ሲወርዱ አይታ ደነገጠች፤ ሌላ ሰው እየነዳቸው ሲመጡ አይታቸው አታውቅም። የቀረበላቸውን ወንበር ትተው በተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀመጡ።

«ድልድዩ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ» አሉ። «አቀበቱ ላይ። አስነሳሁት፤ ደግሞ ጠፋ። ወደ ኋላ ተንሸራትቼ የባጃጅ አፍንጫ ነካሁ።»

«ሰው ተጎዳ?»

«ማንም። ባለባጃጁ ወርዶ፣ ‹ኤዶ፣ በስፓይደር ከመሳም የበለጠ ምን ክብር አለ› ብሎኝ ሄደ። ሳላሕ ግን ሰማ።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ዝቅ አለ። «አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ‹ሆዮ፣ አንድ ቀን ሕፃን ልጅ ከኋላሽ ቢኖርስ?› አለኝ። ለዚህ መልስ አለሽ? እኔ አጣሁለት። ስለዚህ ቃል ገባሁ። የፊታችን ዐርብ ከሶላት በኋላ አጠገቤ ይቀመጥና ድልድዩን አሻግረዋለሁ። ሞተሩ ከጠፋብኝ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አልነዳም።»

ፊርዶስ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች። ኻድራ ባላቸው ሞተውባቸው ሱቅ ሲከፍቱ፣ ሱቁን ሲያሰፉ፣ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ፣ ከተማው ሁሉ ያያቸው በዚያች መኪና መሪ ላይ ነበር። ኻድራን ያለ ስፓይደር ማሰብ የከዚራን ሰፈር ያለ ዛፎቹ እንደማሰብ ሆነባት።

«ጆሮሽ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ወፍ አልሰማም። የስልክ ጥሪ አልሰማም። ሰው ሲያማኝ ግን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።»

«ነይ፣ አብረን እንንዳ።»

በባጃጅ ወደ ኻድራ ቤት ሄዱና ሳላሕ ደጃፉ ላይ ያቆማትን ስፓይደር አስነስተው ወጡ። ፊርዶስ ከጎን ተቀምጣ መንገዱን ትታ ሴትየዋን ታያቸው ጀመር። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ዓይናቸው እግረኛውን፣ ፍየሉን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ቀድሞ ያያል። ማርሽ ሲቀይሩ ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ጀርባቸውን ወደ ወንበሩ ይጫኑና የጠፋ ዕቃ እንደሚዳስስ ሰው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወይ ይቸኩላሉ፣ ወይ ይዘገያሉ። ከፊታቸው ያለው የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሰዓት መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«ይሄ መቼ ነው የሞተው?»

«ዐብዱላሂ በሕይወት ሳለ» አሉ። ዐብዱላሂ ባላቸው ነበሩ፤ መኪናዋን ከባቡር ድርጅቱ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የገዙት እሳቸው ናቸው። «መንዳት ሲያስተምረኝ ‹ዓይንሽ መንገዱ ላይ፣ ጆሮሽ ሞተሩ ላይ፤ ሰዓቱን ለፈሪዎች ተይላቸው› ይለኝ ነበር። ድምፁ እዚህ ሲደርስ» አሉና ወገባቸውን ከበስተኋላ ነካ አደረጉ፣ «ሁለተኛ። እዚህ ሲደርስ» እጃቸው ወደ ትከሻቸው ወጣ፣ «ሦስተኛ። አሁን የት እንደሚደርስ አላውቅም። የትም አይደርስም።»

ፊርዶስ መዳፏን በወንበሩ ጀርባ ላይ ዘረጋች። ምንም ንዝረት የለም። ያ ሐር የመሰለው ድምፅ ሁሉ ከላይ ነበር፤ ኻድራ ወፎቹን ባጡበት ከፍታ ላይ።

«ኤዶ፣ አቁሚ።»

ኻድራ መኪናዋን ጥግ አስያዙ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ፊርዶስ። «አንቺ እኮ በሰውነትሽ ነው የምትነጂው። የምትሰሚበትን ወስጄ ያማረ ዕቃ ሰጠሁሽ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ያንቺ ግን አይደለም።»

ኻድራ እጃቸውን ከመሪው አነሱ። «እንዲህ ካልሽ፣ እርጅና አይደለም ማለት ነው?»

«ወፉ እርጅና ነው። ድልድዩ ማርሚታ ነው።»

ፊርዶስ ጋራዥ እንደተመለሰች አሮጌውን በርሜል ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ ሞርሳ ላይ አሰረችው። ያንን ዝቅተኛ ድምፅ ምን እንደሚያወጣው ለማወቅ ሆዱን መክፈት ነበረባት። በመጋዝ ስትቆርጠው ከተሰነጠቀው ቦታ አንድ ነገር መፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ የዝገት ዱቄት መሰላት። እየበዛ ሲሄድ መጋዙን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። አሸዋ ነበር። በርሜሉ ሁለት ድርብ ላሜራ ኖሮት፣ በሁለቱ መካከል ዙሪያውን አሸዋ ተሞልቷል። ወደ ብርሃን ወጥታ መዳፏ ላይ ስታንሸራትተው ጥቃቅን ፈርጦች ብልጭ ብልጭ አሉ። ይህን አሸዋ ድሬ ውስጥ ያደገ ሰው አይስተውም። በልጅነቷ ከጫማዋ ስታራግፈው፣ ከፀጉሯ ስታበጥረው ኖራለች። የደቻቱ አሸዋ ነው።

ፊርዶስ ብቻዋን ሳቀች። ሁሉም ኦርጅናል ያሉት፣ እሷም ኦርጅናል ያለችው ማርሚታ፣ ጣሊያንን አይቶ አያውቅም።

በርሜሉን እያገላበጠች ማንበብ ጀመረች። ብረቱን የሚያገጣጥመው ስፌት ብየዳ አይደለም፤ ቀልጦ የፈሰሰ መዳብ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት ያየችው ባቡር ጣቢያው ግቢ በቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች ቧንቧ ላይ ብቻ ነበር። ከጎኑ ደግሞ ምንም ነገር የማያስር አንዲት የነሐስ ቡሎን አለች፤ ስትፈታት ተጨማሪ አሸዋ ወጣ። አሸዋው የተጨመረው በዚያች ቀዳዳ ነበር። የውስጡ ቱቦ የሞተሩን ከባድ ምት ሳያፍን ያሳልፋል፤ አሸዋው ደግሞ ላሜራው እንደ ቆርቆሮ እንዳይንጫረር ይዞ ያስቀረዋል። ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ እዚያ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ የሚወጣው ወፍራሙ ብቻ ነው። ያሰበው ሰው ማን ይሁን ማን፣ እጁን ለመጨበጥ ጓጓች።

የመዳቡ ስፌት የማን እንደሆነ የባቡር ጡረተኞችን ስትጠይቅ፣ እጁ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በትልቅ ዛፍ ሥር፣ የዶሚኖ ጠጠር ይዞ ተገኘ። በባቡር ድርጅቱ የጥገና ወርክሾፕ የቧንቧ ክፍል አለቃ የነበሩት አቶ ቡልቻ ሰማንያውን አልፈዋል፤ ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም። ፊርዶስ በርሜሉን ጨዋታው መሐል ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ዶሚኖው ተበተነ። አቶ ቡልቻ ግን ዶሚኖውን አላዩትም። በጣታቸው መገጣጠሚያ በርሜሉን ኳ ኳ አደረጉ።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሏል። ሥራው ግን ከእጅሽ ይበልጣል። ሥራው የኔ ነው።»

ጓደኞቻቸው አጉረመረሙ። «አሁን ፈረንሳዊውን ሊያመጣው ነው» አለ አንዱ።

«አመጣዋለሁ» አሉ አቶ ቡልቻ፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ይቺን መኪና ሲያመጣት ድምፅዋ ጆሮውን በላው። ቢሮዬ መጣ። ቢሮ ነበረኝ፤ እነዚህ አያምኑም። ‹ቡልቻ፣ እንደ ባቡር አድርግልኝ› አለኝ። እንደ ባቡር አደረግሁለት።»

«ኦርጅናሉስ የት ሄደ?»

«መጋላ ሰፈር ውስጥ የአንድ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ ሆነ። ብዙ ዳቦ አብስሏል። ጥሩ ቱቦ ነበር፤ አላማውም።»

«ለዐርብ እንደገና ልሠራው ነው። ትመጣለህ?»

አቶ ቡልቻ የተበተነውን ዶሚኖ ተመለከቱ፤ እየተሸነፉ ነበር። «ለእውቀት ስል እመጣለሁ» አሉ።

ሥራው የተጀመረው በአሸዋው ነበር። ደቻቱ ገና ከሰሞኑ ዝናብ እርጥበት ይዞ ስለነበር፣ ፊርዶስ ያመጣችውን አሸዋ ነፍታ በሰፊ ላሜራ ላይ አስጥታ እሳት አነደደችበት። ውሃ የያዘ አሸዋ ተዘግቶ ከጋለ በርሜሉን እንደ ቦምብ ይበታትነዋል። በረጅም የብረት ዘንግ እያገላበጠች ስትቆላው ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

«ፊርዶስ ጋራዡን ዘግታ ቆሎ ልትጀምር ነው» አለች ከፊት ለፊት ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቷ። «ጨው አድርጊበት እሺ።»

አቶ ቡልቻ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ነገር ነቀፉ። እሳቱ ትንሽ ነው፤ ዘንጉ አጭር ነው፤ ሻዩ ስኳር የለውም። ፊርዶስ የማይዝገውን ላሜራ በርሜል አድርጋ ስትጠቀልል፣ «መዳብ አምጪ፣ በመዳብ ነው የሚሰፋው» አሉ።

«በመዳብ አልሰፋውም፤ በዘመናዊ ብየዳ ነው የምዘጋው። ያንተ እኮ በዝገት ነው የሞተው።»

«አርባ ዓመት ኖሮ ነው የሞተው። ለሁላችንም እንደዚያ ያድርግልን።»

ግን ብየዳው ሲያልቅ ተነስተው መጡ። ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰዱ። ሳያቋርጡ ሲናገሩ የዋሉት ሰው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ፊርዶስ ያንን ዝምታ ከዲግሪዋ ጋር እኩል ቦታ ሰጠችው።

ማንጠልጠያዎቹን ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጣ ሠራቻቸው፤ አሸዋ የተሸከመ በርሜል በቀላል ጎማ አይያዝምና። ቱቦውን ደግሞ ከመኪናዋ ሆድ ጋር አስጠግታ፣ ከበፊቱ ከፍ አድርጋ አሳለፈችው። ከጣሊያን ከመጣው ላይ የአንገቱን ክፍል እንዳለ ተወችው፤ እሱን የሚያህል አንገት ማንም ድሬ ውስጥ ሊሠራ አይችልም ብላ አመነች፤ ማመኗም ደስ አላት። ከኋላው ያለው ብቻ ተለወጠ። አዲሱ በርሜል ጎኑ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ በቀዳዳውም ላይ ከአሮጌው የተፈታችው የነሐስ ቡሎን ተገጠመች።

ኻድራ ሲመጡ ፊርዶስ ቁርጥራጩን በርሜል አሳይታ ሁሉንም ነገር ነገረቻቸው። ለእንግዳ ሁሉ ኦርጅናል ነው ሲሉ የኖሩትን ነገር አይደለም ማለት ከብዷት ነበር። ኻድራ አሸዋውን በጣታቸው ቆንጥረው አዩት።

«ይሄ ከጫማዬ የማራግፈው ነው።»

«እሱው ነው፣ ኤዶ።»

«ነፍሱን ይማረውና ዐብዱላሂ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስነሳትና ‹ስሙ፣ ሮማ ላይ የተሠራ ድምፅ ነው› ይል ነበር።» ኻድራ አቶ ቡልቻን ከላይ እስከ ታች ቃኙ። «ሮማ አንተ ነህ?»

«በወጣትነቴ» አሉ አቶ ቡልቻ፤ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ኻድራ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ መሪው ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ከወንበሩ አስደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊርዶስ ሞተሩ እየሠራ ከኋላ ተንበርክካ የተቆላውን አሸዋ በቀዳዳው ትጨምራለች፤ አቶ ቡልቻ ከጎን ቆመው «ጋዝ ስጪ!» ይሏቸዋል።

«ገና ይንጫረራል» ይላሉ ኻድራ። «ጨምሪ።» ትንሽ ቆይተው፣ «አሁን ታፈነ። ጉንፋን የያዘው መሰለ። ቀንሺለት።» ወጥ የሚቀምስ ሰው እንጂ ሞተር የሚሰማ አይመስሉም ነበር። ፊርዶስ አንድ እፍኝ አውጥታ ግማሹን መለሰች። ድምፁ ተለወጠ። ከመሬቱ ተነስቶ በጉልበቷ በኩል ገባ።

ኻድራ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ከበስተኋላ ወገባቸው ላይ አሳረፉ፤ ጋዙን ጨመር ሲያደርጉት እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ትከሻቸው ወጣ።

«ዝጊው» አሉ።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ፊርዶስና አቶ ቡልቻ ከደቻቱ ድልድይ ዳር፣ አቀበቱ ከሚያልቅበት፣ በጃንጥላው ጥላ ሥር ቆሙ። ከሶላት የሚመለሰው ሕዝብ ድልድዩን ሞልቶታል። ባጃጆች እንደልማዳቸው በፈለጉበት ይቆማሉ። ፊርዶስ ከዩኒቨርሲቲ ፈተና በፊት እንኳ እንዲህ አልተጨነቀችም።

«መጣች» አሉ አቶ ቡልቻ። ምንም አይታይም ነበር። ፊርዶስ ግን ጫማዋ ሥር ተሰማት።

ስፓይደሯ ጣሪያዋን አጥፋ ከወዲያ ማዶ ታየች። ኻድራ ነጭ ሻሽ አድርገዋል። ሳላሕ በአጠገባቸው የእጅ ፍሬኑን ጨብጦ፣ ሰውነቱን ሰብስቦ ተቀምጧል። አቀበቱን ጀመሩ። ልክ እናቱ በፊት ያቃታቸው ቦታ ሲደርሱ፣ ከፊታቸው የነበረ ባጃጅ ድንገት ቆሞ አንዲት ከነካርቶኗ የተጫነች ሴት ማውረድ ጀመረ። ካርቶኖቹ ብዙ ነበሩ። ስፓይደሯ አቀበቱ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሌሎች ባጃጆች፣ ከእነሱም ኋላ ሕፃን ያዘለች እናት ቆሙ። ጡሩምባ ጀመረ። ፊርዶስ የሳላሕን እጅ አየች፤ ፍሬኑ ላይ ጠብቋል።

ኻድራ አልቸኮሉም። ጀርባቸውን ወደ ወንበሩ ተጫኑ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ወፈረ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ፊርዶስ ካለችበት ሆና የት እንደደረሰ ታውቅ ነበር፤ ወገብ ጋ ነው፤ ገና ነው፤ አሁን። ስፓይደሯ አንዲት ጣት ወደ ኋላ ሳትል ወደ ፊት ሄደች፤ በብርጭቆ ያለ ሻይ እንኳ ባልፈሰሰ ነበር። ባለካርቶኗ ሴት ዞር ብላ አየች። ሳላሕ ፍሬኑን ለቀቀ። እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መዳፉን ወደ ወንበሩ ጀርባ ወሰደ፣ እናቱ የሚሰሙትን ሊሰማ።

በእነ ፊርዶስ አጠገብ ሲያልፉ ኻድራ አላዩአቸውም፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ስምምነቱ ድልድዩን ተሻግረው ታይዋን መታጠፊያ ላይ እንዲቆሙ ነበር። አልቆሙም። መታጠፊያው ላይ ዞረው መልሰው ወደ ድልድዩ መጡ። በዚህኛው ማለፍ ሳላሕ አንገቱን ወደ ፊርዶስ መለሰ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ፊቱ ተፈትቶ ያየችው ግን ጥንት፣ ሁለቱም ተማሪዎች ሳሉ፣ እናቱ ከትምህርት ቤት በር ላይ በዚያች መኪና ሲወስዱት ነበር።

«ድገሚው አልኳት» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መኪናዋ ሳትቆም።

አቶ ቡልቻ ጃንጥላውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በጥሞና ሰሙ። መውረጃው ላይ ስፓይደሯ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ልትገባ ይገባት ነበር፤ አልገባችም። ድምፁ በድልድዩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ የአላፊ አግዳሚውን አንገት አንድ በአንድ እያዞረ።

«ዘገየች» አሉ አቶ ቡልቻ። «ሦስተኛውን ቀድማ ማስገባት ነበረባት።»

«አልዘገየችም» አለች ፊርዶስ። «ልጇን እያሰማችው ነው።»

አቶ ቡልቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በርቀት፣ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ፣ ማርሹ ገባ።